ጡረታ ወንበር አይደለም

መምህሬ ጂኦግራፊን በካርታ ብቻ አላስተማሩኝም። ክረምቱ አልፎ መንገዱ ሲደርቅ ክፍላችንን በሙሉ አስከትለው ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ያወጡን ነበር። አናቱ ላይ ስንደርስ እኛ ሣር ላይ ተዘርረን ስናለከልክ፣ እሳቸው ቆመው ከተማዋን በጣታቸው እያሳዩ «የቆምንበት ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ትንፋሽ ቢያጥራችሁ አትደንግጡ» ይሉን ነበር።

ዛሬ እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ እሳቸው የ71 ዓመት ጡረተኛ ናቸው። በጥቅምት አንድ እሑድ ጠዋት ልጠይቃቸው ቤታቸው ሄድኩ። ጋቢያቸውን ደርበው ሳሎን ተቀምጠዋል። ስገባ «ኖር!» ብለው ሊነሱ ሞከሩ፤ ከወንበሩ ትንሽ ከፍ አሉና ተመልሰው ተቀመጡ። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው በአንድ አፍ «ኧረ አይነሱ! ይቀመጡ!» አሉ። እኔም «በእግዚአብሔር!» ብዬ ጎንበስ ብዬ ሳምኳቸው። ከዚያ በኋላ የተጨዋወትነውን በእሳቸውና በባለቤታቸው ፈቃድ ጽፌዋለሁ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ታሪኩ የብዙ ቤት ታሪክ ነውና።

እኔ፦ መምህር፣ ቅድም ሊነሱልኝ ሲሉ በሁለቱም እጅዎ ወንበሩን ገፍተዋል። እንደዚያም ሆኖ እግርዎ አልታዘዘዎትም። ከመቼ ወዲህ ነው?

መምህር፦ አየሽብኝ! እንግዲህ እርጅና ነው ልጄ። ጡረታ ከወጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። በመጀመሪያው ሰሞን ቤተ ክርስቲያን በእግሬ ደርሼ እመለስ ነበር። ኋላ ልጆቹ «በመኪና እናድርስዎ» አሉ። ጋዜጣውን ከአዟሪው የምገዛው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ያመጡልኛል። ውሃ ሲጠማኝ ሳልናገር ብርጭቆው ይመጣል። «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ብለው የመረቁኝ ደርሷል። ምን ጎደለብኝ?

እኔ፦ ጧሪ አላጡም፤ ተመስገን። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ይኸው ደግነት ነው። ወደ እኔ ከሚመጡ አረጋውያን ብዙዎቹ እግራቸው የደከመው በክፉ ልጅ ሳይሆን በደግ ልጅ ነው። ውሃ ለመቅዳት፣ በር ለመክፈት፣ ስልክ ለማንሳት ሲነሱ ሲቀመጡ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። ሁሉ ነገር እጃቸው ድረስ ሲመጣላቸው ለመነሳት ምክንያት አጡ። ጭን ደግሞ የሚጠነክረው በመነሳት ነው፤ ካልተነሱበት ይከሳል።

መምህር፦ እሱ የዕድሜ ሥራ ነው። ፀሐይ እንዳትጠልቅ መከልከል ይቻላል?

እኔ፦ ፀሐይዋ መጥለቋ አይቀርም። ግን ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳለ መጋረጃውን ዘግተን «መሸ» እያልን ከሆነስ? እርስዎ ያለ ማስረጃ የተነገረ ነገር አይቀበሉም ነበርና ማስረጃ ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ ውስጥ፣ ዳላስ ከተማ፣ አምስት ጤነኛ የ20 ዓመት ወጣቶች ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ሲነሱ ሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ክፉኛ ወርዶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ ተመራማሪዎች እነዚያኑ አምስት ሰዎች ፈልገው እንደገና ለኩ። 30 ዓመት ዕድሜ ከቀነሰባቸው አቅም ይልቅ፣ ያኔ የሦስት ሳምንት አልጋ የቀነሰባቸው በልጦ ተገኘ።

መምህር፦ ቆይ፣ ቆይ። ሦስት ሳምንት ከሠላሳ ዓመት በለጠ?

እኔ፦ በለጠ። ከዚያ ለስድስት ወር በእግር በመሄድ፣ በሶምሶማና በብስክሌት ቀስ በቀስ እያለማመዷቸው ሲሄዱ፣ አቅማቸው በ20 ዓመታቸው ወደነበረበት ተመለሰ። ስለዚህ «እርጅና ነው» በምንለው ድካም ውስጥ መቀመጥ ትልቅ ድርሻ አለው። ዕድሜ የወሰደውን ማስመለስ አንችልም፤ ወንበር የወሰደውን ግን እንችላለን።

መምህር፦ እነሱ ሃምሳ ቢሆናቸው ነው። እኔ ሰባ አንድ ነኝ።

እኔ፦ እንግዲያው ወደ ዘጠና እንሂድ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ አንድ የቦስተን ጥናት አለ። በአረጋውያን መንከባከቢያ የሚኖሩ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ ደካማ ሰዎችን ለስምንት ሳምንት የጭናቸውን ጡንቻ በክብደት አሠሯቸው። የእግራቸው ጉልበት በአማካይ ከእጥፍ በላይ አደገ። ጡንቻ የልደት ምስክር ወረቀት አይጠይቅም፤ ሥራ ከሰጡት ይታዘዛል።

መምህር፦ ደስ ይላል። ግን እኔ ስፖርተኛ ሆኜ አላውቅም። ኳስ እንኳ ዳኛ ሆኜ ነው እንጂ ተጫዋች ሆኜ አላውቅም።

እኔ፦ ስፖርተኛ ነበሩ እንጂ! ዕድሜዎን ሙሉ በዴስኮች መካከል ወዲያ ወዲህ ሲሉ፣ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆመው ሲውሉ፣ ጠዋትና ማታ ትምህርት ቤቱ ድረስ በእግርዎ ሲመላለሱ የከረሙ ሰው ነዎት። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመውን ልንገርዎት። የለንደንን ባለ ፎቅ አውቶቡስ ሠራተኞች አጠና። ሹፌሮቹ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣሉ፤ ትኬት ቆራጮቹ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። ደመወዛቸውም ኑሯቸውም ተቀራራቢ ነው፤ የልብ ሕመም ግን ትኬት ቆራጮቹን ያጠቃው በጣም ባነሰ ቁጥር ነበር። ሞሪስ ራሱ 99 ዓመት ኖረ። እርስዎ በሥራ ላይ ሳሉ ትኬት ቆራጩ ነበሩ፤ ጡረታ በወጡ ማግስት የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የተለወጠው ዕድሜዎ ብቻ አይደለም።

መምህር፦ (ጥቂት ዝም ብለው) ይህ ነገር ቃሉንም ያስታውሰኛል። ጡረታ የመጣው «ጦረ» ከሚለው ነው። መጦር ማለት መርዳት፣ መደገፍ፣ ማኖር ነው። ቃሉ ውስጥ መቀመጥ የሚባል ነገር የለም። ወንበሩን የጨመርንበት እኛ ነን ማለት ነው።

በዚህ መሐል እትዬ፣ የመምህሬ ባለቤት፣ ቡናውን አቅርበው አጠገባችን በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጨዋታውን ከጓዳ ሆነው ሲሰሙ ነበር።

እትዬ፦ ልጄ፣ ለእሱ የምትነግሪውን ለእኔም ንገሪኝ። እኔ እንኳን ልራመድ፣ ከበርጩማው ስነሳ ጉልበቴ ቀጭ ቀጭ ይላል። «ቅባቱ አልቋል» ብለውኛል። ያለቀ ነገር ላይ ብሄድበት ይብስ አይጨርሰውም?

እኔ፦ እትዬ፣ ይህን ጥያቄ በየቀኑ እሰማዋለሁ። የጉልበታችን አጥንቶች ጫፍ ለስላሳ ሽፋን አለው። ይህ ሽፋን የራሱ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው በመገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው፤ ፈሳሹ ደግሞ የሚደርሰው ስንንቀሳቀስ ነው። እንደ ስፖንጅ ያስቡት፦ ሲረግጡ ይጨመቃል፣ እግርዎን ሲያነሱ ይመጥጣል። ስለዚህ ለከባድ ያልሆነ የጉልበት ሕመም ዋናው መድኃኒት ልከኛ እንቅስቃሴ ነው። ደግሞም የጭን ጡንቻ ሲጠነክር ሸክሙን ከጉልበቱ ላይ ይጋራል። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከጋለ ወይም መርገጥ ከከለከለዎት ግን መጀመሪያ ሐኪም ይየው።

እትዬ፦ እሺ ጉልበቱስ ይሁን። እኔ ግን ሴት ነኝ። እሱ ቢወጣ «መምህር ሊናፈሱ ወጡ» ይባላል። እኔ ያለ ጉዳይ መንገድ ለመንገድ ብዞር «ምን ሆና ነው?» ይሉኛል። ደግሞ ቀኑን ሙሉ ጓዳ ውስጥ ስባትል እውላለሁ፤ እሱ አይበቃም?

እኔ፦ የጓዳው ሥራ ይቆጠራል፤ እንዳይንቁት። እርስዎ ከመምህር የተሻለ ከመቀመጫዎ የሚነሱት በእሱ ነው። ነገር ግን ጓዳ ውስጥ የሌሉ ሦስት ነገሮች ደጅ አሉ። አንደኛው ብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃን ቆዳችንን ሲነካ ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ ሰውነታችን ይሠራል፤ ዓይናችን ሲያየው ደግሞ ሰውነታችን ቀኑንና ሌሊቱን ይለያል፣ እንቅልፋችንም ይስተካከላል። ሁለተኛው መሬቱ ነው። የሳሎን ወለል ልሙጥ ነው፤ ደጅ ግን ዳገት፣ ድንጋይ፣ እርከን አለ። እግር ሚዛን የሚማረው በዚያ ነው።

እትዬ፦ ሦስተኛውስ?

እኔ፦ ሰው ነው። እስከ መንገዱ ጥግ ደርሰው ሲመለሱ ስንት «እንዴት አደሩ» ይቀበላሉ? የማን ልጅ እንዳገባ፣ የማን ዕድር እንደተጠራ የሚሰማው ደጅ ነው። ብቸኝነት አረጋውያንን እንደ በሽታ ይጎዳል። ስለ ሐሜቱ ደግሞ አንድ ዘዴ አለኝ፦ ብቻዎን አይውጡ። ከጎረቤቶችዎ ሦስት ሴቶች ያስከትሉ። አንዲት ሴት ስትዞር ሰው ይጠይቃል፤ አራት ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ሲሄዱ ግን ወዴት እንደሚሄዱ የሚጠይቅ የለም። በወር አንድ ቀን ማኅበር እንደምትጠጡት ሁሉ በሳምንት አምስት ቀን የእግር ማኅበር ይኑራችሁ።

እትዬ፦ እውነትሽን ነው። ሜሪላንድ ያለችው ልጄ ስትወልድ አራስ ልጠይቅ ሄጄ አንድ ክረምት እዚያ ከረምኩ። በረዶው፣ ቋንቋው፣ መንገዱ ሁሉ አስፈርቶኝ ከቤት አልወጣም ነበር። ስመለስ ከአውሮፕላን በተሽከርካሪ ወንበር ነው ያወረዱኝ። ከዚህ በእግሬ ሄጄ ከዚያ ተገፍቼ መጣሁ!

እኔ፦ የብዙ እናቶች ታሪክ ነው። ልጅ ለማሳደግ ሄደው አፓርታማ ውስጥ ይከርማሉ። እዚያ ላሉ ልጆች የምለው፣ በቀዝቃዛው ወራት እናታችሁን ወደ ትልልቆቹ የገበያ አዳራሾች ውሰዷቸው፤ ወለሉ ደረቅ ነው፣ ሙቀት አለው፣ ብዙ አረጋውያን ጠዋት ጠዋት የሚራመዱት በዚያ ነው። በረዶው ሲቀልጥ ደግሞ ሕፃኑን በጋሪ እየገፉ አብረው ይውጡ።

መምህር፦ አሁን ወደ ተግባሩ ነይ። ስንት ያህል ነው የሚባለው? እንጦጦ ውጡ ልትይን ነው?

እኔ፦ ኧረ አይደለም፤ እንጦጦ በኋላ ይደረስበታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት ለአምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት መሄድ ማለት ነው። በዚያ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛን የሚጠብቅ ልምምድ ይጨመርበታል። ግማሽ ሰዓቱ በአንድ ጊዜ መሆን የለበትም፤ ከቁርስ በኋላ አሥር፣ ከምሳ በኋላ አሥር፣ ማታ ሳይጨልም አሥር ደቂቃ ቢሆን ይቆጠራል። ከምግብ በኋላ መሄድ ደግሞ በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ዝቅ ያደርጋል።

መምህር፦ ልጄ ስልኬ ላይ «በቀን አሥር ሺህ እርምጃ» የሚል ነገር ጭኖልኝ ነበር። ስምንት መቶ ላይ ስቀር ተስፋ ቆርጬ አጠፋሁት።

እኔ፦ አሥር ሺህ የሚባለው ቁጥር የሐኪም ትእዛዝ ሆኖ አልተወለደም። እ.ኤ.አ. በ1965 ገደማ አንድ የጃፓን ኩባንያ ለሸጠው የእርምጃ መቁጠሪያ የሰጠው ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ወደ 17,000 የሚጠጉ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት፣ በቀን 4,400 ያህል እርምጃ የሚራመዱት 2,700 ያህል ከሚራመዱት በጣም ያነሰ የሞት አደጋ እንደነበራቸው አሳይቷል። ከ7,500 በላይ ያለው እርምጃ እምብዛም ጥቅም አልጨመረም። ስለዚህ የእርስዎ ጉዞ ከስምንት መቶ ወደ አንድ ሺህ ነው፤ ከዚያ ወደ አንድ ሺህ አምስት መቶ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

እትዬ፦ መፍጠን አለብን? ወይስ እንዲሁ እያዘገምን?

እኔ፦ መለኪያው ወሬ ነው። እየሄዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልኩ ነው። ማውራት ካቃተዎት ፈጥነዋል። ደረት ላይ ሕመም ወይም ጭንቀት፣ ያልተለመደ ትንፋሽ ማጠር፣ ራስ ማዞር ከመጣ ወዲያው ቁሙ፤ ካልተወም ሐኪም ቤት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

መምህር፦ ከዘራስ? ልጆቹ ገዝተውልኛል፤ ግን እሱን ይዞ መውጣት ያሳፍረኛል።

እኔ፦ ከዘራ የደካማ ምልክት አይደለም፤ ሦስተኛ እግር ነው። የት እንደሚያዝ ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የሚያምዎት የትኛው እግር ነው?

መምህር፦ ቀኙ። በቀኝ እጄ ነው የምይዘው።

እኔ፦ በግራ እጅዎ ይያዙት። ከዘራ የሚያዘው ከታመመው እግር በተቃራኒ ባለው እጅ ነው። ቀኝ እግርዎ ሲረግጥ ግራ እጅዎ ያለው ከዘራ አብሮ ይረግጣል፤ ሸክሙ ይካፈላል። ቁመቱም ልክ ይኑረው፤ ጫማ አድርገው ቀጥ ብለው ቆመው እጅዎን ወደ ታች ሲለቁት፣ መያዣው ከእጅ አንጓዎ ጋር ይተካከል። ጫፉ ላይ ጎማ ይኑረው፤ ሲያልቅ ይለወጥ።

እትዬ፦ (እየሳቁ) አምስት ዓመት ሙሉ ቤት ውስጥ በማይሆን እጅህ ይዘህ ዞርክ!

እኔ፦ ስለ ልብስም ልናገር፤ እንዳይቀየሙኝ። ጋቢ ለቤት ነው። ደጅ ስንወጣ ሁለቱንም እጅ ጠቅልሎ ይይዛል፤ ሰው ሲደናቀፍ የሚያድነው ደግሞ እጁ ነው። ጫፉም እግር ሥር ይገባል። ሹራብ ወይም ጃኬት ይልበሱ። እትዬም በነጠላ ጫማ አይውጡ፤ ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ የማያንሸራትት ሸራ ጫማ ይሻላል። ሌላው የመድኃኒት ነገር ነው። የደም ግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው ከአልጋ በድንገት ቢነሳ ሊያዞረው ይችላል፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ እግሩን ጥቂት አንቀሳቅሶ ይነሳ። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ በባዶ ሆድ አይውጣ፤ ከረሜላ ኪሱ ይያዝ፤ ሲመለስ እግሩን ገልብጦ ቁስል እንዳለ ይይ። በጾም ወቅት ደግሞ ረጅሙን ጉዞ ከምግብ በኋላ ያድርጉት።

መምህር፦ ሚዛን ያልሽው ልምምድስ እንዴት ነው?

እኔ፦ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ወይም የወንበር መደገፊያ ያዙና በአንድ እግር ቁሙ። መጀመሪያ በሁለት እጅ፣ ከዚያ በአንድ እጅ፣ ከዚያ በአንድ ጣት። ሰው አጠገባችሁ ይቁም። አሥር ሰከንድ ግቡ ነው። ለጡንቻው ደግሞ ከምሳና ከእራት በፊት አምስት አምስት ጊዜ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፤ ዛሬ በእጅ እየገፉ፣ ከወር በኋላ ያለ እጅ። እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ስግደት ያውቃሉ፤ ሙስሊም ጎረቤትዎ በቀን አምስት ጊዜ ሲቆሙ፣ ሲያጎነብሱ፣ ሲሰግዱ ይውላሉ። ሁለታችሁም ይህን የምታደርጉት ለፈጣሪ ነው እንጂ ለጡንቻ አይደለም፤ ነገር ግን ሰውነት ከዚያ በረከት ድርሻውን ያገኛል።

መምህር፦ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ ይህ ግን ለአንቺ ብቻ አይደለም። «ውጡ» ትያለሽ። የት? እኛ ሰፈር ያለው የእግረኛ መንገድ ግማሹ ተቆፍሯል፤ ክዳን የሌለው ጉድጓድ አለ፤ ሞተር ብስክሌት ሽው ብሎ ያልፋል። የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሽማግሌ ደግሞ መጸዳጃ በሌለበት አገር እንዴት ግማሽ ሰዓት ይሄዳል? እኔ ከቤት የቀረሁት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም።

እኔ፦ ስለተናገሩት አመሰግናለሁ፤ ብዙ አባቶች ደብቀው የሚቀመጡበት ምክንያት ይህ ነው። ለጊዜው መውጫ ሰዓትዎን ከኪኒኑ ጋር ያስማሙ፤ ሰዓቱን መለወጥ ይቻል እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መጸዳጃ ያለበትን አቅጣጫ ይምረጡ። ለከተማዋ የምንለው ግን ከዚህ ይሰፋል። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ በተመረጡ እሑዶች አውራ ጎዳናዎች ለእግረኛ ሲከፈቱ ስንት ሰው እንደወጣ አይተናል። እንጦጦ ፓርክም በ2013 ዓ.ም. ተከፍቷል። ቅርብ ጊዜ በኮሪደር ልማቱ በተሠሩት ጎዳናዎች ሰፊ የእግረኛ መንገድ አለ። ይህ ስፋት ወደ ውስጥ ለውስጥ ሰፈሮች ይግባ። ሽማግሌ የሚያርፍበት መቀመጫ በየመቶ ሜትሩ ይኑር። መጸዳጃውም አብሮ ይታሰብ። ለአረጋዊ የተመቸ መንገድ ለነፍሰ ጡሯም፣ ለዓይነ ስውሩም፣ ለሕፃኑም ይመቻል።

መምህር፦ እኔም አንድ ነገር ልጨምር፤ አሁን ተራው የመምህርሽ ነው። አበበ ቢቂላ በሮም እና በቶኪዮ ማሸነፉን ሁሉም ያውቃል። እኔ ልጅ ሳለሁ ልባችንን የሰበረው እ.ኤ.አ. በ1969 የደረሰበት የመኪና አደጋ ነበር። ዓለም ያየችው እግር ከዚያ ወዲህ አልቆመም። ሰውየው ግን ቤቱን ዘግቶ አልተቀመጠም። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ እንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል የአካል ጉዳተኞች ውድድር ላይ ቀስት ወርዋሪ ሆኖ ተሰለፈ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ በውሾች በሚጎተት ተንሸራታች ተወዳደረ። ተማሪዎቼን «ኢትዮጵያ የሮጠችው በእሱ እግር ነው» እላቸው ነበር። ዛሬ ሳስበው የበለጠውን ትምህርት ዘልዬዋለሁ፤ እግሩን ካጣም በኋላ ደጅ ወጥቷል። እኔ ሁለት እግር ይዤ አሥራ አንድ ዓመት ተቀመጥኩ።

እትዬ፦ በል እንግዲህ ተነስ። ፀሐዩ ሳይከር።

ልጃቸው ከዘራውን ሊያቀብላቸው ሲሮጥ መምህሬ በእጃቸው ከለከሉት። «ተወው፤ ራሴ አመጣዋለሁ» አሉ። ከወንበሩ ለመነሳት ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ በሦስተኛው ቆሙ። ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ፤ ሹራባቸውን ለበሱ፤ ከዘራውን በግራ እጃቸው ያዙ። እትዬ ሸራ ጫማ አጡና የልጅ ልጃቸውን ጫማ ተጫሙ። ከበሩ እስከ መንገዱ ጥግ ድረስ ሄድን። ባለ ሱቁ «መምህር! እርስዎ ነዎት?» ብሎ ወጥቶ ሳማቸው፤ በርጩማም አቀረበላቸው። ጥቂት አርፈው ተመለሱ። ሰዓቴን አየሁ፤ ማረፊያውን ሳይጨምር ዘጠኝ ደቂቃ ሄደዋል።

አንባቢዬ ሆይ፣ ሽማግሌዎቻችንን ስንመርቅ «ዕድሜና ጤና ይስጥዎ» እንላለን። ሁለቱን ለይተን መርቀን አናውቅም፤ ዕድሜ ያለ ጤና ሸክም መሆኑን አባቶቻችን ያውቁ ነበርና። ጤናውን ግን በአፍ መርቀን በእጃችን እየወሰድንባቸው ነው። አባትዎ ውሃ ሊቀዱ ሲነሱ አይሽቀዳደሟቸው። እናትዎን ገበያ ሲሄዱ በመኪና ከማድረስዎ በፊት አብረው መሄድ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቁ። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ስልክዎን ቤት ትተው ክንዳቸውን ይያዙና እነሱ በሚሄዱበት ፍጥነት ይሂዱ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ «ይቀመጡ» ለማለት አፍዎን ሲከፍቱ፣ ቃሉን ለውጠው «እንውጣ» ይበሏቸው።